ልጄ 3 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አያወራም፤ ከኮዬ ፈጬ የት ልውሰደው?

የኮዬዋ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ወንድ፣ 2 ዓመት ከ10 ወር። "እማ" ይላል፣ "በቃ" ይላል፣ ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል። ይኸው ነው። የሚገርመው ከስልክ የሰማውን እንግሊዝኛ ከዋን እስከ ቴን ጥርት አድርጎ ይቆጥራል። "ና ብላ" ስለው ግን አንዳንዴ ዞርም አይል። በር ሲጋጭ ስለሚደነግጥ ጆሮው ደህና ነው ብለን ትተነዋል።
አማቴ "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር" ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ እንጥሉን አስቆርጪው ትለኛለች። ባሌ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው፣ እኔ አማርኛ። የማቆያዋ ሞግዚት "ሁለት ቋንቋ ነው ያምታታው፣ አንዱን ተዉት" ካለችን ወዲህ ባሌ ከገዛ ልጁ ጋር በተሰባበረ አማርኛ ነው የሚያወራው፣ አወራ ከተባለ። አንድ የግል ክሊኒክም ወስጄው ነበር፤ 5 ደቂቃ እንኳ ሳያዩት ኦቲዝም ነው ብለው ሸኙን። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።
የምታውቁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

ጀሞ 2
አይዞሽ እህቴ። ከጆሮ ጀምሪ። የኔዋም በር ሲጋጭ ትደነግጥ ነበር እኮ። ጉንፋን በተመላለሰባት ቁጥር ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ኖሮ የኛን ወሬ የምትሰማው ትራስ ውስጥ ሆነን እንደምናወራ ነበር። ይህንን ያወቅነው 3 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፣ እስከዚያ "እልኸኛ ናት" እያልን ስንቆጣት ከረምን። አሁንም ሳስበው ያመኛል።
ጆሮዋ ታክሞ ሲያበቃ በ15 ቀን አንዴ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ጀመርን። እኔ ልጅቷን ተቀብለው "በይ እንዲህ በይ" የሚሏት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዋናዋ ተማሪ እኔ ነኝ። ባለሙያዋ ቤት ውስጥ የማደርገውን በቪዲዮ ቅረጪ አለችኝና ስናየው አፈርኩ። ልጅቷ ገና ወደ ቁምሳጥኑ ስታይ ብስኩቱን እጇ ላይ አደርግላታለሁ። ለምን ትናገር ታዲያ? ከዚያ በኋላ ብስኩቱን ቆርሼ ትንሿን ብቻ እሰጥና ዓይን ዓይኗን እያየሁ በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ። አስር ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ለእናት ረጅም ነው። "ጨ" ካለችኝ "ጨምሪልኝ! እንቺ ልጨምርልሽ" እላለሁ። ጉርሻም እንደዛው፣ ጠቅልዬ አየር ላይ አቆየዋለሁ። ምስር ስለቅም አጠገቤ አስቀምጬ "ይቺ ድንጋይ ናት፣ እንጣላት፣ ጣልናት" እያልኩ ሳወራ ባሌ ብቻሽን ማውራት ጀመርሽ እንዴ ብሎኛል። አሁን 6 ዓመቷ ነው፣ ዝም በይ ማለት ነው የቸገረን።

ተው በሉ
ኧረ ልጁን አታስጨንቁት። ድሮ ይሄ ሁሉ ቴራፒ የት ነበረ? ሁላችንም አውርተናል። ጸበል ውሰጂውና ጠብቂ።

ጀሞ 2
ሁላችንም? ድሮ ሳያወራ የቀረው ጓዳ ውስጥ ስለሚደበቅ ነው ያላየኸው። ጸበሉን ትውሰደው፣ የጆሮ ምርመራው ጸበሉን አይከለክልም።

ስፒች ቴራፒስት ነኝ
የኮዬዋ እናት፣ ጀሞ 2 ያለችውን ያዢ። ለበር ድምፅ የሚደነግጥ ልጅ እንደ "ስ" እና "ፍ" ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ላይሰሙት ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የመስማት ምርመራ ይሠራለት። ልጆች 2 ዓመት አካባቢ "እማ ነይ"፣ "ውሃ ስጪኝ" እያሉ ሁለት ቃል መግጠም ይጀምራሉ። ሁሉም ልጅ እኩል ይጀምራል ማለት አይደለም፣ ልዩነት አለ፤ ግን 3 ሊሞላው እያለ ሁለት ቃል ብቻ ካለው መጠበቅ አያዋጣም።
እንጥሉን እባክሽ እንዳታስነኪው። ልጅ አፍ እንዲፈታ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም፣ ያለው መድማትና ኢንፌክሽን ነው። ምላስ ታስሯል የሚባለውም አንዳንድ ድምፅ ቢያበላሽ እንጂ ልጅን ጭራሽ ዝም አያሰኝም።
ቋንቋውን በተመለከተ፦ ባለቤትሽ ዛሬውኑ ወደ ኦሮምኛው ይመለስ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። የሚጎዳው አባት በማይችለው ቋንቋ ሁለት ቃል ጥሎ ሲያልፍ ነው። ልጅ የሚያስፈልገው ሙሉ ወሬ፣ ቀልድ፣ ቁጣ፣ ተረት ነው።
ቁጥር መቁጠሩ ከስልክ የተቀዳ ዜማ ነው፣ እንደ ንግግር አትቁጠሪው። ይልቅ ይህን እይው፦ የወደደውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ ያሳይሻል? አውሮፕላን ሲያይ ዞሮ ፊትሽን ያያል? ስሙን ስትጠሪው? እነዚህን ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ኦቲዝም ነውም አይደለምም በ5 ደቂቃ አይባልም። ሆኖ ቢገኝም የዓለም መጨረሻ አይደለም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋሙት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት ነው፣ ከፊደላችን ድምፆች ተነስተው ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል።
እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ጥቂት ነን፣ ያለነውም መሀል ከተማ ነው። ለዚህ ነው የቤቱን ሥራ የምጨቀጭቅሽ። በሳምንት 1 ሰዓት ከኔ ጋር፣ ቀሪው በሙሉ ካንቺ ጋር ነው።

ወራጅ አለ
ለትልቅ ሰውም እንደሚሠራ ልመስክር። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ፣ አሁን 34 ዓመቴ ነው። ስሜን ያየ ይገባዋል፤ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ" የሚለው "ወ" ላይ አፌ ይቆለፋል። ሲኤምሲ ሚካኤል መውረድ እየፈለግሁ አያት አደባባይ ድረስ ተወስጄ በእግሬ የተመለስኩበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርስም። ሌላ ሰው እዚያ እንዲወርድ የምጸልይበት ጊዜ ነበር። ረዳቱ ቢሰድበኝ ይሻለኛል፣ የሚብሰው አጠገቤ ያለው ደግ ሰው ቃሉን ሲጨርስልኝ ነው። "ረጋ በል" ደግሞ በሕይወቴ አንድ ቀን አርግቶኝ አያውቅም።
ቴራፒው አልፈወሰኝም፣ አልዋሽም። የመጀመሪያውን ድምፅ ሳልገፋው ለስለስ አድርጌ መጀመር ተማርኩ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መደበቅን አስተወኝ። አሁን ቢይዘኝም "ወ-ወ-ወራጅ" ብዬ እወርዳለሁ። ከ100 ሰው አንዱ ያህል እንደሚንተባተብ ስሰማ ታክሲው ውስጥ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ገባኝ።

የሰበታ ልጅ
ትልቅ ሰው ካላችሁ አይቀር፣ አባቴ ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እጁም ንግግሩም ሄደ። "አባታችን ሆይ"ን ከላይ እስከ ታች ይደግማል፣ "ውሃ" ማለት ግን አይችልም። ዘመድ "አውቆ ነው፣ አኩርፎ ነው" ይላል።

ስፒች ቴራፒስት ነኝ
አውቀው አይደለም ወንድሜ። ግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ቃል ፈልጎ የማውጣቱ ነገር ይበላሻል፤ ጸሎት፣ ቁጥር፣ ሰላምታ፣ ዘፈን ግን ለዓመታት ተደጋግመው የለመዱ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ደንቆሮ እንደሆኑ አትጩኹባቸው። "ውሃ ነው ሻይ?" ብለህ ሁለቱንም አሳያቸው፣ ጠብቅ። አንተ ጀምረህ እሳቸው እንዲጨርሱት ተውላቸው፣ "ውሃ ስጠ..." ብለህ አፍህን ከፍተህ ቆይ። የወደቁት በቅርብ ከሆነ ሳትውል ሳታድር ባለሙያ ይያቸው፣ ቢቆይም ግን መሞከሩን አትተው።

የኮዬዋ እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ባሌ በኦሮምኛ ተረት ጀመረለት፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ነው ያዳመጠው። ባይናገርም። እኔም ብስኩቱን ይዤ እስከ 10 ቆጠርኩ፣ 7 ላይ አልቅሶ አሸነፈኝ።
የጆሮ ምርመራው ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጥቁር አንበሳ ነው። ከኮዬ ስንት ሰዓት ልነሳ?

ወራጅ አለ
12 ሰዓት ሳይሞላ ውጪ። የቃሊቲን መንገድ አትመኚው።