ፋይል ሲገለበጥ ፐርሚሽኑ (ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ) እንዳይላላ እንዴት ትፈትሻላችሁ?

የኮምቦልቻው፦ ሰላም ናችሁ? እዚህ ኮምቦልቻ ለአንድ ድርጅት የደመወዝ ፋይሎችን ማታ ማታ ባክአፕ የሚያደርግ የፓይተን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፣ ሊኑክስ ላይ። ዋናው ፋይል 600 ነው፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው። ኮፒው ግን 644፣ ማለትም ማንም የሚያነበው፣ ሆኖ ቁጭ! ይሄን የሚይዝ ቴስት እንዴት ይጻፋል?

ደሴ ፒያሳ፦ አብሽር። የፓይተኑ «ኮፒፋይል» ይዘቱን ብቻ ነው የሚገለብጠው። አዲሱ ፋይል ከ666 (ሁሉም የሚያነበውና የሚጽፈው) ላይ የዩማስኩ (ከአዲስ ፋይል ላይ የሚነሱትን ፈቃዶች የሚወስነው ቁጥር) ተነስቶለት ነው የሚፈጠረው፣ ዩማስክህ 022 ከሆነ ያው 644 ነው። ቴስቱ ውስጥ ዩማስክን 000 አድርገህ ገልብጥ፣ ከዚያ በስታት (የፋይሉን ፐርሚሽን የሚያሳይ ትእዛዝ) እየው። 600 ካልሆነ ይውደቅ። «ሌላ ሰው ማንበብ ይችላል ወይ» የሚለውን ግን ሩት (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ እንዳትሞክር፣ ሩትን የሚከለክለው የለም።

ቦርከና፦ እሱ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ በ644 ከፍቶ፣ ጽፎ ሲጨርስ ቼሞድ የሚያደርግ (ፐርሚሽኑን የሚቀይር) ፕሮግራም ቴስቱን ያልፋል፤ በመሃል ግን የሰዉን ደመወዝ ማንም ያነበዋል። በኤስትሬስ (ፕሮግራሙ ለሲስተሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ የሚያሳይ መሣሪያ) አስነሳውና መድረሻው ፋይል ሲፈጠር የተሰጠውን ቁጥር እይ፣ ከመነሻው 0600 መሆን አለበት። መድረሻው ላይ ቀድሞ 644 የሆነ ፋይል አስቀምጠህም ሞክር። ተራው ሲፒ (የሊኑክስ የመገልበጫ ትእዛዝ) ራሱ የድሮውን ፐርሚሽን እንዳለ ነው የሚተወው።

የኮምቦልቻው፦ ሴትዩአይዲ (ፕሮግራሙ በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገው ቢት) ያለበትስ?

ቦርከና፦ የጂኤንዩ ሲፒ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው) በ«-ፒ» (ፐርሚሽንና ባለቤትን ይዞ በሚገለብጠው አማራጭ) ሲገለብጥ ባለቤቱን ማስተላለፍ ካቃተው ያንን ቢት ያጠፋዋል። ያንተም እንደዚያ ያድርግ።