የተሳቢ እንስሳት ምልከታ፦ ለመስከረሙ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 4

የተከበራችሁ የወፍ ምልከታ ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ «ወፍ ብቻ እስከ መቼ?» በሚል የተነሣው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። በመስከረም ለጠቅላላ ጉባኤው ስናቀርበው ግን በወሬ አይሆንም፤ የተጻፈ ነገር ያስፈልገናል። ስለዚህ እዚሁ አብረን እንጻፈው። እኔ የመጀመሪያውን አንቀጽ አስቀምጫለሁ፤ አርሙት፣ ሰርዙት፣ ጨምሩበት።

«ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት የተሳቢ እንስሳት ምልከታ መርሐ ግብር ይጀምራል። ዓላማው እባብን፣ እንሽላሊትን፣ እስስትን፣ ኤሊንና አዞን በሚኖሩበት ቦታ ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና ዝርያቸውን መለየት ነው።»

በትምህርት ቤት «ገበሎ አስተኔ» እየተባልን ያደግን ሰዎች «ተሳቢ» የሚለው ቃል እንደሚጎረብጠን አውቃለሁ። ነገር ግን ግማሹ ጉባኤተኛ ስለ ገበሎ ብቻ የምናወራ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ፎቶ አንሺው አባል፣ ነሐሴ 4

ረቂቁ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ቦታ ነው። ቦታው ባሌ ይሁን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ለሳይንስ አዲስ ሆኖ የተመዘገበው እፉኝት ስሙን ያገኘው ባሌ ካለው ከሐረና ደን ነው፤ ቢቲስ ሐረና ይባላል። በ2021 ደግሞ ከዚያው ከባሌ ተራሮች አንድ የእስስት ዝርያ ታውቆ በጀርመናዊው የተሳቢ እንስሳት ሊቅ በቮልፍጋንግ ቦመ ስም ተጠርቷል። ሰውየው የእኛን የደጋ እፉኝት፣ ቢቲስ ፓርቪዮኩላን፣ በ1977 ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። በእኛ ዕድሜ አዲስ ዝርያ እየተገኘበት ያለ ተራራ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ እኛ እንጦጦ ላይ እንሽላሊት ልንቆጥር ነው? አምስት ቀን፣ አንድ መኪና፣ አሥር ሰው። ጨረስኩ።

ሂሳብ ያዥ፣ ነሐሴ 5

እሱ ጨረስኩ ይላል፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው። ያለፈውን ዓመት መዋጮ ያልከፈሉ አሥራ አንድ አባላት አሉ፤ ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። የአምስት ቀን መኪና፣ ማደሪያ፣ የፓርክ መግቢያ፣ የአስጎብኚ አበል ሲደመር ካዝናችን የማያውቀው ቁጥር ይመጣል። ማታ ተመልሰን ቤታችን የምናድርበት ጉዞ አምጡልኝ፤ ያኔ አብሬ እፈርማለሁ።

መሥራች አባል፣ ነሐሴ 5

ልጄ፣ ባሌ የትም አይሄድም። እኛ ወፍ ማየት ስንጀምር በግቢያችን ያለችውን ዋኔ ከርግብ ሳንለይ ሩቅ አልተጓዝንም። እውነቱን ለመናገር ይህን ሐሳብ አምና የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው፣ በገዛ እግሩ እባብ ፍለጋ መሄድ ጤንነት አይመስለውም። አሁንም ልቤ ሙሉ አይደለም። ከተጀመረ ግን ከቅርብ ይጀመር፤ መናገሻ ሱባ ይሻላል። ጥዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ተተከለ የሚባልለት ደን ነው፤ ለእግርም ለዓይንም ይመቻል። ተሳቢው ባይገኝ እንኳ ወፉ አይጠፋም።

የቢሾፍቱዋ መምህርት፣ ነሐሴ 6

ጋሼ እንዳሉት ከቅርብ መጀመሩን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ ግን ገንዘብ አይደለም። «ዝርያቸውን መለየት» የሚለውን ሐረግ ረቂቁ ላይ በቀላሉ ጽፈነዋል። ቀላል እንዳልሆነ ባለፈው ሰኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ «እፉኝት ገደልን፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ። በዱላ ተመትታ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ተጋድማለች። ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ያህል፣ መልኳ ቡናማ፣ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ የተደረደረባት። ከመመታቷ በፊት ተጠቅልላ ጎኗን ከጎኗ ስታፋትግ የመጋዝ ድምፅ አወጣች አሉኝ። ጭንቅላቷን ጠፍጠፍ አድርጋ አሰፋች አሉኝ። ዓይኗን አየሁት፤ ብሌኗ እንደ ድመት ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። በሰፈራችን መመዘኛ ሁሉ እፉኝት ናት።

ጎንበስ ብዬ አናቷን ሳይ ግን የሸፈኑት ትልልቅ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ እንደ ንጣፍ ድንጋይ የተገጣጠሙ ቅርፊቶች ናቸው። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው እፉኝት አናቱ እንደ ጀርባው በደቃቅ ቅርፊት የተሞላ ነው። አፏን በስንጥር ከፈትኩት፤ የመርዝ ጥርስ ቀርቶ ይህ ነው የሚባል ጥርስ የላትም። ዕንቁላል በል እባብ ነበረች። ዕንቁላሉን እንዳለ ትውጣለች፤ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ከአከርካሪዋ ወደ ውስጥ በወጡ አጥንቶች ትሰብረዋለች፤ ፈሳሹን አስቀርታ ልጣጩን ትተፋለች። ሰውን የምትጎዳበት ምንም መሣሪያ የላትም። ዕድሜዋን ሁሉ ያተረፋት እፉኝት መምሰሏ ነበር፤ ዱላ የያዘ ሰው ፊት ስትደርስ ያስገደላትም ያው ነው። (ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት «የዶሮዎቼን ዕንቁላል የጨረሰችው እሷ ናታ» እያለ ራሱን ሲያጽናና ነበር።)

ስለዚህ ረቂቁ ላይ በግልጽ ይግባ፦ የጭንቅላት ቅርጽም፣ የብሌን ቅርጽም፣ ቀለምም ብቻውን መርዛማነትን አይነግርም። የኮብራና የማምባ ብሌን ክብ ነው። ያልለየነውን እባብ ሁሉ መርዛማ ነው ብለን ርቀን እንቆማለን።

እስስትም የራሷ ጣጣ አላት። ጀማሪ ሁሉ «አረንጓዴ እስስት» ብሎ ይመዘግባል። ከሰዓት ሲመለስ ያችው እስስት ጠቁራ ያገኛታል። ቀለሟን በአብዛኛው የሚለውጠው ብርድና ሙቀት፣ ቁጣና ፍርሃት ነው እንጂ የተቀመጠችበትን ቅጠል ልምሰል ብላ አይደለም፤ እኛ ሰው ስንሰድብባት የኖርነው ያለ ጥፋቷ ነው። የሚታየው ሌላ ነው፦ ከአናቷ ወደ ኋላ የሚነሣው ቁር (የራስ ቁር የሚመስለው ጉብታ) ቁመቱ፣ ከአገጯ ሥር ሾህ መሳይ ረድፍ መኖሩ፣ ቀንድ መኖሩ ወይም አለመኖሩ፣ የጎኗ ቅርፊቶች እኩል መሆናቸው ወይም መሀላቸው ትልልቅ መደባለቁ። ይህን ሁሉ አንድ ከጎን የተነሣ ጥርት ያለ ፎቶ ያሳያል። ከፊት ለፊት የተነሣ የሚያምር ፎቶ አንዱንም አያሳይም።

ደግሞ ለመናገሻው ጉዞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የምንቆይበት ፈቃድ ይጠየቅ። እስስት ቀን ከቅጠል መካከል ዓይን ታታልላለች። ማታ ግን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ በባትሪ ብርሃን ነጣ ብላ ከሩቅ ትለያለች።

መሥራች አባል፣ ነሐሴ 6

መምህርት፣ የቀረውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ያላየኋትን እስስት በጨለማ አያታለሁ ማለትሽን ግን ጉባኤው ፊት አታንብቢው። እንስቅብሻለን።

ነርሷ አባል፣ ነሐሴ 7

ሳቁ መልካም ነው፤ እኔ የማይሳቅበትን ክፍል ልጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የእባብ ንክሻን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያሰለፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚነከሰው በአብዛኛው ከጤና ተቋም የራቀ የገጠር ሰው ነው። እኛም ለጉዞ ስንወጣ ለአንድ ቀን እንደዚያ ሰው እንሆናለን።

ረቂቁ ላይ ይስፈርልኝ፦ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያላደረገ ሰው ከመኪና አይወርድም። እጅ ወደማያዩት ጉድጓድና ድንጋይ ሥር አይገባም። ሰው ከተነከሰ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ እግርን በገመድ ጠርቆ ማሰር የለም። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፤ የተነከሰው እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት ተደግፎ ይያዛል፤ ሰውየው ሳይራመድ፣ ተሸክመነውም ቢሆን፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ኮብራ መርዝ ዓይን ውስጥ ከረጨ ዓይንን በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፤ ማሸት አይደለም። እባቡን ገድሎ ይዞ መምጣትም ይቅር፤ ሁለተኛ ሰው የሚነከሰው እሱን ሲያሯሩጥ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ተመድቦ፣ የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት የት ሆስፒታል እንዳለ ደውሎ ያረጋግጥ። «ይኖራል» የሚል መልስ አልቀበልም።

ፎቶ አንሺው አባል፣ ነሐሴ 8

እሺ፣ ባሌን ለከርሞ አስተላለፍኩት። አንድ ነገር ግን ይፈቀድ። እስስቷ ጥላ ውስጥ ብትሆን ቀስ ብዬ አንሥቼ ብርሃን ወዳለበት ቅርንጫፍ ባዛውራትስ? ለመለየት የሚረዳ ፎቶ ትፈልጋላችሁ፤ እኔም የማቀርበው ያንኑ ነው።

የቢሾፍቱዋ መምህርት፣ ነሐሴ 8

አይሆንም ወንድሜ። አንተ ለብርሃን ብለህ ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀመጥካትን ጭልፊት ለምሳው ያነሣታል። እንሽላሊት በጅራቷ ብትይዛት ጅራቷን ጥላልህ ትሮጣለች፤ ብዙዎቹ ለክፉ ቀን ያጠራቀሙት ስብ እዚያ ነው ያለው። ከሁሉም በላይ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚያስጠይቅ ነው። ማኅበር ሆነን በጽሑፍ እያቀድን «እንይዛለን» ብንል በገዛ እጃችን ክስ መጻፍ ነው። የገለበጥከው ድንጋይ ካለ እንደነበረ ትመልሰዋለህ፤ ሥሩ ያለው እርጥበት የአንድ ፍጥረት ቤት ነው።

ሂሳብ ያዥ፣ ነሐሴ 8

እኔም የማውቀውን ላዋጣ። አርባ ምንጭ ሄጄ ጫሞ ዳር «የአዞ ጫጩት አገኘሁ» ብዬ ፎቶ የላክሁላችሁን ታስታውሳላችሁ። ሁላችሁም አደነቃችሁ። መምህርት ብቻ «ምላሱን አየኸው?» አለችኝ። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ምላሱ እንደ እባብ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ወደ ውጭ የወጣ። አዞ ምላሱን እንደዚያ አያወጣም፤ ያየሁት አርጃኖ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት ነበር። ስለዚህ ለጀማሪዎች አንድ የቤት ውስጥ ሥልጠና ይያዝ፤ ወጪው ሻይ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 9

ያልነካነው አንድ ትልቅ ነገር ቀረ፤ የምናየውን የት እናኑረው? እኔ አይናቹራሊስት የተባለውን መተግበሪያ አስቤአለሁ። ፎቶው ይጫናል፣ ሌሎች ስም ይሰጣሉ፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በዝርያው ሲስማሙ ለተመራማሪ የሚበቃ መረጃ ይሆናል። ቦታው ግን በካርታ ላይ ለዓለም ይታያል።

ፎቶ አንሺው አባል፣ ነሐሴ 9

ይታያ! ትክክለኛ ነጥቡ ከሌለ ለሳይንስ ምን ይጠቅማል?

የቢሾፍቱዋ መምህርት፣ ነሐሴ 9

ነጥቡን የሚያነበው ተመራማሪ ብቻ ቢሆን ከአንተ ጋር በሆንኩ። እስስት በውጭ አገር ገበያ የሚሸጥ እንስሳ ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የገባው ለዚህ ነው። አንተ የጠቀስከው የደጋ እፉኝት ራሱ በውጭ አገር በግል ሰብሳቢዎች ቤት ይገኛል። መተግበሪያው መሸፈኛ አለው፦ ቦታው እንዲሸፈን ከመረጥክ ነጥቡ ጎኑ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ ይቀመጣል፤ ትክክለኛው ለባለቤቱ ተጠብቆ ይቆያል። አጥኚ ሲጠይቅ ማን እንደሆነ አይተን እንሰጣለን።

መተግበሪያው ራሱ የሚጠቁመውን ስም ደግሞ እንደ ፍርድ አትቀበሉት። ኮምፒውተሩ ፎቶውን አብዝቶ ያየውን ዝርያ ነው የሚጠራው፤ የእኛ አገር ተሳቢዎች ፎቶ ደግሞ ጥቂት ነው። በማኅበራዊ መገናኛ ስትለጥፉም ስልኩ ፎቶው ውስጥ የሚያስቀምጠውን የቦታ መረጃ አጥፉ። ከኋላ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከታየ ግን ያም አያድናችሁም።

ፎቶ አንሺው አባል፣ ነሐሴ 10

የደጋ እፉኝቱን ነገር አላውቅም ነበር። ይሸፈን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 11

እስካሁን የተባባልነው ገብቶ ሁለተኛው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«መርሐ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት የአንድ ቀን ጉዞዎች ይኖሩታል፦ በጥቅምት መናገሻ ሱባ፣ ምሽቱን ጨምሮ፤ በኅዳር የቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ፣ ረፋድ ላይ፣ ገበሎዎች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፤ በጥር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ለአዞና ለኤሊ። አባላት እንስሳ አይነኩም፣ አይዙም፣ አያዛውሩም። ያልታወቀ ፎቶ በ«አልተለየም» ይመዘገባል፤ ይህም እንደ ጥፋት አይቆጠርም። የእስስትና የእፉኝት ቦታ ሁልጊዜ ይሸፈናል። የነርሷ የደኅንነት መመሪያ የረቂቁ አካል ነው። የባሌ ጉዞ በሁለተኛው ዓመት፣ ራሱን የቻለ በጀት ሲገኝለት ይታያል።»

የምሽቱን ነገር ጋሼ እንደተቃወሙ በግርጌ ልጻፈው?

ሂሳብ ያዥ፣ ነሐሴ 11

አዋሽ ማታ ተመልሰን የምናድርበት እንዲሆን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት አለብን። ጻፉት፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

መሥራች አባል፣ ነሐሴ 12

ጸሐፊ፣ ተቃውሞዬን ሰርዘው። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲያባራ የልጅ ልጄን ባትሪ ተቀብዬ፣ ባለቤቴ «ሌባ መጣ እንዴ?» እስክትል ድረስ አጥሩን ዞርኩ። የጽድ አጥሬን እኔው ራሴ ከተከልኩት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ደረቴ ድረስ በሚደርስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንዲት እስስት ጅራቷን እንደ ሰዓት ሞላ ጠቅልላ ተኝታለች፤ እንደ ነጣ ቅጠል ታበራለች። ወደ ጓዳው በኩል ስሄድ ሌላ አገኘሁ። አልነካኋቸውም። የቤቴን አድራሻ የምታውቁ፣ ካርታ ላይ ሸፍኑልኝ።

የቢሾፍቱዋ መምህርት፣ ነሐሴ 12

ጋሼ፣ እልል ብያለሁ! ዛሬ ማታም እዚያው አካባቢ አይጠፉም። ከጎን ያንሡልኝ፤ ቁሩና አገጩ ይታይ። ባትሪውን የልጅ ልጅዎ ይያዝልዎ፣ ብርሃኑም ዓይናቸው ላይ አይቆይ።