የአገር ዘር ከብቶቻችን ዝምድና ጥናት፦ ሦስተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሦስተኛ ረቂቅ ነው፤ አራተኛ አልጽፍም። ከሸኮ፣ ከፎገራ፣ ከሆሮና ከቦረና ከብቶች የጅራት ፀጉር ይሰበሰባል። ይነቀል እንጂ አይቆረጥ፤ ላብራቶሪው የሚፈልገው ሥሩን ነው። የአንድ ኮርማ ልጆች አይደባለቁ፤ ወንድማማች ከገባ የምንለካው ዘሩን ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የሚዛኗ፦ ሽፋኑ ላይ ያለው ኮርማ ሸኮ አይደለም። ሻኛውን እዩት! የሸኮ ሻኛ ትንሽ ናት፤ ጨርሶ የሌለውም አለ። ይህ ፎቶ ሳይነሣ ስሜን እንዳታስገቡ።

የፎገራው፦ ፎቶ ነው እኮ። ክፍያውን ማን ይሸፍናል የሚለውን እናውራ።

የሚዛኗ፦ ለአንተ ፎቶ ነው። ሸኮ በምሥራቅ አፍሪካ የጥንቱ ሻኛ አልባ ከብት ርዝራዥ ነው የሚባለው። ገንዲ፣ ያ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ፣ ባለበት አገር እንደ እሱ የሚችል የትኛው ከብታችሁ ነው?

የቦረናው፦ ሻኛ ብቻውን ዘር አይነግርም። የእኔ ቦረና ያን ሁሉ ሻኛ ተሸክሞ እንኳ በእናት መስመሩ ከሻኛ አልባዎቹ ወገን ነው። የዜቡ፣ የባለ ሻኛው የእስያ ከብት፣ ደም በብዛት የገባው በኮርማ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የ172 ከብቶች ጥናትም ከብቶቻችንን ድብልቅ ነው ያላቸው።

የሚዛኗ፦ ድብልቅ የምትለው የእኔን ለማሳነስ ነው?

የቦረናው፦ የእኔም ድብልቅ ነው አልኩሽ እኮ!

የፎገራው፦ ስለ አንድ ሻኛ ሁለት ቀን አለቀ።

የሚዛኗ፦ አባቴ ላሞቹን ከባዕድ ኮርማ ሲጠብቅ ነው ዕድሜው ያለቀው። አሁን ሰው ሁሉ ሻኛ ያለው ኮርማ ከሌላ አገር እየነዳ ያመጣል። አምና የተወለዱልኝ ሁለት ጥጆች ትከሻቸው ላይ ጉብ ያለ ነገር አለ፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ሰው ያንን ሽፋን አይቶ «ሸኮ ይሄ ነው» ብሎ ኮርማ ቢመርጥስ?

የቦረናው፦ እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ አልከራከርሽም ነበር።

ጸሐፊ፦ ፎቶው ይወጣል። ከጣና ዙሪያ ፀጉር እሰበስባለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

የፎገራው፦ ስልክ አያነሣም። ሩዙ ሜዳውን ከያዘው ወዲህ ንጹሕ ፎገራ በፍለጋ ነው። የእኔ መንጋ ደግሞ ሁሉም የአንድ ኮርማ ልጅ ነው፤ አይጠቅማችሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው የአራት ዘር ክፍያ አይችልም። በሁለት እንጀምር።

የሆሮው፦ ሁለት ከተባለ የሚወጣው ሆሮ ነው። መዋጮዬን መልሱልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሆሮ ይውጣ ያለ ሰው አለ?

የሆሮው፦ ባለፈው ጊዜም ማንም አላለም፤ ግን ወጣን።

የሚዛኗ፦ እንግዲያው ፀጉሩ ይቆይ። መጀመሪያ ኮርማ እንመዝግብ፤ ከጎን ፎቶ ይነሣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጻፍ። ይህ የላብራቶሪ ክፍያ አይፈልግም።

የቦረናው፦ መዝገብ የዘሮቹን ዝምድና አያሳይም። አባቱ ከተጻፈ ግን በኋላ ፀጉር ስንነቅል ወንድማማቹን እንለይበታለን። እኔ እሺ ብያለሁ።

ጸሐፊ፦ የተነሣነው እኮ ለዝምድና ጥናት ነበር።

የሆሮው፦ መዝገቡ ውስጥ ሆሮ ካለ እቆያለሁ።

ጸሐፊ፦ አለ። የሚዛኗ፣ ለሽፋኑ የሸኮ ኮርማ ላኪልኝ።

የሚዛኗ፦ ነገ ከግጦሽ ሲመለስ አነሣዋለሁ። ጥጆቹን ግን አላስመዘግብም።