ወደ ቱርካና ልንሄድ ነው፤ ስዋሂሊ እንማር ወይስ ቀጥታ እንግባ?

ጠያቂ (የአዳማዋ)፦ ሰላም ቅዱሳን። እኔንና ባለቤቴን አጥቢያችን ለአገልግሎት ወደ ሰሜን ኬንያ፣ ሎድዋር አካባቢ ሊልከን ነው። መሪዎቻችን መጀመሪያ በክርስቲያን የቋንቋ ትምህርት ቤት ስዋሂሊ ተማሩ ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ "ሕዝቡ የሚያወራው ቱርካና ነው፤ ብር ለምን እናባክናለን?" ይላል። ያለፈበት ይምከረን።

ሞያሌ ያደገ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ እውነት አለው፤ እቤት የሚወራው ቱርካና ነው። ግን ክሊኒኩ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ከሌላ አካባቢ የመጣው ነጋዴና አስተማሪ በስዋሂሊ ነው የሚግባቡት። ቱርካና የሚያስተምራችሁ ሰውም ሲያስረዳ ስዋሂሊ ጣል ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ ስዋሂሊውን ያዙ። ናይሮቢ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቋንቋ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ጠይቁ።

ናይሮቢ የከረመች፦ እኔ ናይሮቢን አልመክርም። ክፍል ውስጥ የተማርሽውን መንገድ ላይ አትሰሚውም። ወጣቱ ሼንግ ነው የሚያወራው፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተቀየጠበት። ባለሱቁም ምላስሽ ሲተሳሰር ካየ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞርልሻል። ሀበሻውም ብዙ ነው፤ ከእኛ ጋር ቡና ስትጠጪ ከዋልሽ የሚሻሻለው አማርኛሽ ነው። ታንዛኒያ፣ ሙሶማ ላይ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ማኮኮ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። የካቶሊክ መሆኑ ካላስጨነቃችሁ እሱን አስቡበት። የታንዛኒያ ሰው ስዋሂሊውን አሳምሮ ነው የሚናገረው።

መምህሩ፦ አይዟችሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ አንዳንዱን ነገር በነፃ ያገኘዋል። ሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው፤ "ሳ ሞጃ አሱቡሂ" ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ በዚህ ሲደናበሩ እናንተ ታልፉታላችሁ። የሚፈትናችሁ የስም ምድብ ነው፤ ስሞች በየቡድን ተከፍለዋል። ጥሩ መጽሐፍ "ኪታቡ ኪዙሪ" ነው፣ ሲበዛ "ቪታቡ ቪዙሪ"። ስሙ ሲቀየር ቅጽሉም ግሱም ተከትሎ ይቀየራል። ሕጉን ከመሸምደድ በመዝሙርና በጸሎት ጆሮን ማስለመድ ይቀላል፤ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረው ሚስዮናዊው ክራፕፍም ከሸዋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ደርሶ ነው የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት ወደ ማዘጋጀት የገባው።

የአዳማዋ፦ ተባረኩ! ወረቀቱስ እንዴት ነው?

ሞያሌ ያደገ፦ ኢትዮጵያዊ ኬንያን ለአጭር ጊዜ ለመጎብኘት ቪዛ አያስፈልገውም። ግን በእሱ መማርም ማገልገልም አይቻልም። ለትምህርቱ የተማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለአገልግሎቱ ደግሞ ሌላ። ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ፈቃዱን ያስጨርስላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከጂንካ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ደቡብ ኦሞ ኛንጋቶም ያገለገለ ሰው ፈልጉ። የኛንጋቶምና የቱርካና ቋንቋ በጣም ቅርብ ነው። ሰላምታውንና የቤት ውስጥ ቃላቱን እዚሁ አገር ቤት መጀመር ትችላላችሁ። ባለቤትሽም ደስ ይለዋል።

የአዳማዋ፦ ይሄን አላሰብነውም! ጂንካ ማንን እናነጋግር? በውስጥ ጻፍልኝ።