የዳሌና የአከርካሪ የዴክሳ ውጤት ሲለያይ የትኛው ይታመናል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። በቅርቡ የአጥንት ጥግግት በሚለካው የዴክሳ መሣሪያ ተመርምረው የወገብ አከርካሪያቸው ቲ-ስኮር (ጥግግቱ ከጤናማ ወጣቶች አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር፤ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን አጥንቱ ይበልጥ የሳሳ ነው) −1.1፣ ዳሌ ላይ ያለው የጭን አጥንታቸው አንገት ደግሞ −2.7 ሆኖ ተገኘ፤ ማጠቃለያውም «የአጥንት መሳሳት» ይላል። በአንድ ሰው አካል ውስጥ አንዱ አጥንት ደህና ለመባል ጥቂት ሲቀረው ሌላው ይህን ያህል መሳሳቱ መሣሪያውን እንድጠራጠር አድርጎኛል። በሌላ ቦታ ይደገም ወይስ እንዳለ ይወሰድ?

በራጅ ክፍል የምሠራ፦
እንዲህ ያለው ልዩነት የተለመደ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እኔ የምጠራጠረው ግን የአከርካሪውን ቁጥር ነው። መሣሪያው ጨረሩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ያገኘውን ማዕድን ሁሉ ስለሚደምር፣ ከዕድሜ ጋር በአከርካሪ መጋጠሚያዎች ዙሪያ የሚበቅለውን ትርፍ አጥንት፣ ከፊቱ በሚያልፈው ትልቅ የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ካልሲየም፣ ሌላው ቀርቶ ተሰብሮ የተጨፈለቀን አከርካሪ እንኳ እንደ ጥሩ አጥንት ይቆጥረዋል። ዳሌ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መስፈርት ቲ-ስኮር −2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ የሚወሰነውም ዝቅተኛውን ውጤት በመያዝ እንጂ አማካይ በማውጣት አይደለም።

ሌላ ምላሽ ሰጪ፦
በሌላ ቦታ መድገሙን አልመክርም። የተለያዩ መሣሪያዎች የሚሰጧቸው ቁጥሮች በቀጥታ ስለማይነጻጸሩ፣ ለወደፊቱ ክትትል የሚበጀው በዚያው መሣሪያ መለካት ነው። ከዚህ ይልቅ ቁመታቸው ከወጣትነታቸው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ቀንሶ ወይም ጀርባቸው ጎብጦ ከሆነ የአከርካሪ የጎን ራጅ እንዲነሡ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ የአከርካሪ ስብራት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሳይታወቅ ያልፋልና።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቁመታቸውን እንለካለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ውስጥ ተንሸራተው የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ነበር፤ ይህ ለጉዳዩ ፋይዳ ይኖረዋል?

በራጅ ክፍል የምሠራ፦
ትልቅ ፋይዳ አለው። ቆመው ሳሉ በመውደቅ ብቻ የደረሰ ስብራት፣ የዴክሳው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ቀጣዩን ስብራት የመጋበዝ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ያመለክታል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ ይነገር። ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት ወስደው ከሆነም አብሮ ይጠቀስ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የካልሲየም፣ የቫይታሚን ዲ እና የኩላሊት የደም ምርመራ መታየት አለበት፤ በተለይ የካልሲየም መጠኑ ዝቅ ካለ፣ አንዳንዶቹ የአጥንት መድኃኒቶች ይበልጥ ስለሚያወርዱት፣ አስቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል።