ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ኮሮና ነው ወይስ ጭንቀት? ጎንደር ያላችሁ እስኪ መልሱልኝ

የቅዳሜ ገበያዋ (ግንቦት 2012)
ሰላም እንዴት ናችሁ። 34 አመቴ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ፣ ማለቴ እሸጥ ነበር አሁንማ ማን ይገዛል። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ከተባለ ወዲህ እኔ ሰው አይደለሁም። ቀን ቀን ደህና ነኝ፣ ማታ እናቴ ከተኛች በኋላ ግን ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል ልቤ ድው ድው ይላል ትንፋሼ ግማሽ ላይ ይቆምብኛል፣ ጣቴና ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ በቃ አለቀልኝ ብዬ በረንዳ እወጣለሁ። ትኩሳት የለኝም ሳልም የለም፣ ቴርሞሜትሩ ግን ከብብቴ አይወጣም። ማሽተት ያጠፋል ሲሉ ሰማሁና ደግሞ ጠዋት ቡና ሲቆላ አፍንጫዬን ምጣዱ ላይ ደፋለሁ፣ ሸተተኝ ብዬ እፎይ እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ የበርበሬውን እቃ ከፍቼ አሸታለሁ፣ እናቴ ይቺ ልጅ አረገዘች እንዴ ማለት ጀምራለች 😅 እሷ ስኳር አለባት፣ ከገበያ ይዤባት ብመጣስ የሚለው ነው የሚገለኝ። እጄ በበረኪና ተልጦ አልቋል። የጎረቤት ለቅሶ እንኳን ሳልደርስ ቀርቼ ተቀይመውኛል። ሆስፒታል ልሂድ ብል እዛው ቢይዘኝስ እላለሁ። እንዲህ የሆነ ሰው አለ?

ባጃጁ አዘዞ
አብሽሪ እታለም ብቻሽን አይደለሽም። አንድ ተሳፋሪ ካስነጠሰ እኔ ያን ቀን መሪ መያዝ ያቅተኛል፣ በኮሮናው ምክንያት ግማሽ ሰው ነው የምንጭነው ያችም ግማሽ ታስነጥሳለች። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ እየወሰድሽ ነው? ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት ፌጦ በሎሚ ሲግት ከርሞ ደረቱ ሲቃጠል ሳንባዬ ገባ ብሎ ተናዞ ነበር፣ ሲታይ ጨጓራ ነው። ሎሚውም እኮ በዚያ ዋጋ ተገዝቶ።

ማራኪ ሰፈር
ይሄን ያህል አታካብዱት። ፋርማሲ ሂጂና ዳያዜፓም በያቸው፣ ግማሿን ማታ ዋጥ አድርገሽ ለጥ ነው። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ነርሷ
@ማራኪ ሰፈር እባክህ ወንድሜ ይሄን ለሰው አትምከር። ዳያዜፓም ያለ ሀኪም ሲወሰድ ሱስ ያስይዛል፣ ቆይቶ ግማሿ አትበቃህም፣ በድንገት ስታቆመው ደግሞ ጭንቀቱ ብሶ ነው የሚመጣው። ከአረቄ ጋር ከሆነማ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።
እህቴ፣ ሳላይሽ ኮሮና የለብሽም አልልሽም፣ የጻፍሽው ግን አብዛኛው የጭንቀት ነው የሚመስለው። ከሳንባ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ብዙ ጊዜ አቀበት ስትወጪ እቃ ስትሸከሚ ይብሳል፣ ያንቺ ቀን ስትሯሯጪ ጠፍቶ ማታ ጸጥ ሲል ነው የሚመጣው። ስትደነግጪ ሳይታወቅሽ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሻለሽ፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከደምሽ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ከንፈርና ጣት የሚደነዝዘው ያኔ ነው፣ አየር አንሶሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጫፍ ይደርስና እየወረደ ይሄዳል፣ ሲመጣ ቁጭ በይና በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ስታስወጪ ከሳብሽው አስረዝመሽ እፍ በይ። ፌስታል አፍሽ ላይ አድርጊ የሚልሽን አትስሚ።
ስለ ማሽተቱ ደግሞ ልንገርሽ፣ ዋናው ችግር እዛ ጋ ነው። ባሸተትሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ፣ ያቺ እፎይታ ናት ደግመሽ እንድታሸቺ የምታደርግሽ። ቴርሞሜትሩም እንደዛው ነው፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ለኪ፣ ካስቸገረሽ እናትሽ ትደብቅብሽ። ማታ ቡና ይቅር፣ ልብ ያስመታል። የኮሮናውን ሪፖርት በቀን አንዴ ከጤና ሚኒስትሯ ከዶክተር ሊያ ስሚና ቴሌግራሙን ዝጊው። እጅ በሳሙናና በውሃ ነው የሚታጠበው፣ በረኪና የእቃ ነው፣ የተላጠ እጅ ጭራሽ ለሌላ ኢንፌክሽን ይመቻል።
ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይ ቁጭ ብለሽም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በኮሮና መስመሩ 8335 ደውዪ። እንደዛ ሳይሆን እንዲሁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ስራ ከነሳሽ የአእምሮ ህክምና ክፍል መታየት ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። አብዳለች የሚልሽ ይበል።

አባ መላ
ልጄ ነርሷ ያለችሽን ስሚ። እኛ ልጅ ሆነን ስለ ደምቢያ ወባ ትልልቆቹ ሲያወሩ እንሰማ ነበር፣ ቤት ሙሉ ሰው ነበር የሚያልቀው፣ ጤና ኮሌጁም በፈረንጅ 1954 እዚህ የተከፈተው ከዛ መዘዝ ነው። ለቅሶውን በስልክ ድረሺያቸው፣ ቀኑ ሲያልፍ ቡና ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ጎንደሬ ቂሙ እስከዛ ነው። ዘንድሮ ፋሲካን እንኳን ቤታችን ሆነን ነው ያሳለፍነው፣ ማን ማንን ይቀየማል። ጸበሉንም ጠጪ፣ ሀኪሙንም እዪ፣ ሁለቱ አይጣሉም።

የቅዳሜ ገበያዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም 🙏 ነርሷ ያንን እፎይታ ያልሽውን ሳነብ ደነገጥኩ፣ እየጻፍኩ እንኳን በርበሬውን ላሸት ተነስቼ ነበር። ፌጦውንም አዎ እወስዳለሁ፣ ባጃጁ በምን አወቅህ። ዛሬ ማታ ትንፋሹን እሞክረዋለሁ። እናቴ ቴርሞሜትሩን አልደብቅም አለች፣ እሷም ለራሷ ትፈልገዋለች። ግን ሆስፒታል ብሄድ እዛው አይዘኝም?

ነርሷ
በር ላይ ሙቀት ይለካሉ። ማስክ አድርጊ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ነይ፣ ግድግዳ አትደገፊ፣ ወንበር ከሰው አራርቀሽ ያዢ፣ ስትመለሺ ታጠቢ። ካርድ ስታወጪ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል በያቸው።

ባጃጁ አዘዞ
ጠዋት ትራንስፖርት ካጣሽ ኢንቦክስ አድርጊ፣ ብቻሽን ነው የምጭንሽ፣ ፌጦ ሸትተሽ ከመጣሽ ግን አልጭንም 😂