የካቲት 12ን በቤታችሁ እንዴት ታስባላችሁ?

የጉለሌዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን የቤታችንን ነገር ልጠይቃችሁ ነው።

አያቴ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሸማኔ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሄደው ለድሆች ገንዘብ ይታደላል ስለተባለ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምቡን ሲወረውሩ እሱ ግቢው ውስጥ ይሁን ገና መንገድ ላይ፣ የሚያውቅ የለም። አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

ማታ የፋሺስት ጣልያን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሰፈሩን በቤንዚን ማቃጠል ሲጀምሩ እናቷ አያቴን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ሦስት ቀን ተደበቁ። የበሉት እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን በሶ ብቻ ነው። ግድያው በረድ ብሎ ሲመለሱ ጎጆአቸው አመድ ሆኖ ነበር። ቤቷ የተረፈላት አንዲት ጎረቤት በገል ላይ ፍም አድርጋ ሰጠቻቸው፤ በእሱ እሳት አንድደው ዳግመኛ ኑሮ ጀመሩ።

አያቴ ዕድሜዋን ሁሉ ይህንኑ ስትደግም ኖረች። የካቲት 11 ቀን ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ ትጨርሳለች። ማታ ምድጃውን አጥፍታ አመዱን ትጠርጋለች። ከ12 ጠዋት እስከ 14 ማታ በቤታችን እሳት አይነድም። ቡና አይፈላም፤ ዕጣን እንኳን አይጨስም። በሶውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ ጨው ጣል አድርጋ ለእያንዳንዳችን በጣሳ ትሰጠናለች። ሴትዮዋ ቡና ወዳድ ነበረች፤ በሁለተኛው ቀን ራሷን ሲያማት ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ አስራ ትቀመጥ ነበር። በ14 ማታ ክብሪት ቤት ውስጥ እያለ እኔን ገል አስይዛ ጎረቤት ትልከኛለች። «እሳት ጭረሽ ነይ» ትለኛለች። እየሮጥኩ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ገሉን ከእጄ ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያቴ ዐረፈች፤ እናቴ ቀጠለችበት። ባለፈው ዓመት ደግሞ እናቴን ቀበርኳት። አሁን ተራው የእኔ ነው። መጪው የካቲት 12 ቀን 2019 ዓ.ም. 90ኛው ዓመት ነው፤ ቀኑም እንደዚያን ጊዜው ዓርብ ላይ ይውላል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ባለቤቴም ሥራ አለው። የ12 ዓመቱ ልጄ «ለምን እንደ ሌላው ሰው ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋር አንሄድም?» አለኝ፤ መልስ አጣሁለት። እናንተ በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሌላ ቤተሰብስ አለ?

የስድስት ኪሎ ልጅ

እኅቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ቤት እሳት አይጠፋም። አባቴ ግን በታክሲም ሆነ በእግሩ የሰማዕታቱን ሐውልት ባለፈ ቁጥር ኮፍያውን ያወልቅ ነበር። የካቲትን አይጠብቅም ነበር፤ በማንኛውም ቀን። ሰው በሞላበት ሚኒባስ ውስጥ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አደባባዩ እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይል ነበር። በልጅነቴ አፍር ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔም አወልቃለሁ።

ልጅሽን ሐውልቱ ጋር ውሰጂው፤ ልማድሽን የሚነካ ነገር የለውም። ጠዋት የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ማርሽ ባንዱ ይጫወታል፤ አርበኞችና የአርበኛ ልጆች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ይፎከራል፣ ይሸለላል። ደስ ይላል፤ ግን በዚያ ግርግር ልጅ ሐውልቱን አያይም። ስለዚህ በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ ሂዱ። ከነጩ ሐውልት ግርጌ ዙሪያውን ያሉትን ቅርጾች በእግራችሁ እየዞራችሁ ተመልከቱ። የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሯቸው ናቸው። ተኳሹን፣ የወደቀውን፣ ሬሳ የሚያነሳውን ታያላችሁ። በአገራችን የሚነገረው የሟች ቁጥር 30,000 ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ ይህ ቁጥር ምንም አይለውም። ቅርጾቹ ፊት ቆመሽ የሸማኔውን ታሪክ ንገሪው።

የሚያንገበግበኝን አንድ ነገር ልናገር። ቀኑ ታስቦ ይውላል እንጂ ሥራ አይዘጋም። በስሙ ሆስፒታል አለን፣ ትምህርት ቤት አለን፣ አደባባይ አለን። «የካቲት 12 ጋ አውርደኝ» የሚል ተሳፋሪ በየቀኑ እሰማለሁ፤ በዚያ ቀን የሆነውን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ከሰላሌ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። በእኛ ወገን ልብ የሚሰበረው ግንቦት ላይ ነው። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ለአብርሃና ለሞገስ ተባብረዋል ብሎ በግንቦት 1929 ዓ.ም. አስጨፈጨፋቸው። ጊዜውም የተመረጠው ተመርጦ ነው፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐጽም ስለሆነ ምእመናኑ ከየአገሩ ገዳሙ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ወስደው በመትረየስ ፈጇቸው። የአባቴ አጎት ለንግሥ እንደሄደ ቀረ። እኛም እንደ እናንተ የምናለቅስበት መቃብር የለንም።

የምናደርገውን ልንገርሽ። የክርስትና ስሙን ለካህኑ ሰጥተን በየዓመቱ በጸሎት እናሳስበዋለን። ፍትሐት ሬሳ ስለሌለ አይቀርም። የአንቺ ቀን ደግሞ 12 ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት። በአቅራቢያሽ ወዳለው ሚካኤል ሄደሽ የሸማኔውን ስም ስጪ። የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ? ካላወቅሽ ከዘመድ ሽማግሌ ሳይረፍድ ጠይቂ። የእኛን ያገኘነው ከአንዲት አሮጊት አክስት ነው፤ ስሙን በነገረችን በወሩ ዐረፈች።

ስለ እሳቱ ግን ጨክኜ ልናገር። ሦስቱንም ቀን በልጆችሽ ላይ አትጫኚ። አያትሽ ያየችውን አይታ ነው፤ እነሱ አላዩም። በግድ ከሆነ ይጠሉታል።

ከሮም

እኔ ደግሞ የምጽፈው ከሮም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። እዚህ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት አውቶቡስ ጠብቄበታለሁ! ከሮም ብዙም በማይርቅ አፊሌ በሚባል ቦታም በ2004 ዓ.ም. ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። በእርግጥ የእኛን ቀን አብረውን የሚያስቡ ጣልያኖችም አሉ፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም።

የካቲት 12 ቀን አንድ ሰዓት አስፈቅጄ እወጣለሁ። ነጠላዬን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቄ እዚያው አደባባይ እቀመጥና አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ሰው ቆም ብሎ ያየኛል። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ጣልያናዊት ማን ሞቶብሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በትምህርት ቤት ሰምታው እንደማታውቅ ነግራኝ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አውቶቡሷ መጥቶ ሲያልፍም አልተነሳችም።

እኅቴ፣ እባክሽ ያን እሳት መጫር አትተዪው። ሌላው ቢቀር እሱ አይቅር።

የጉለሌዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሰላሌ የጻፉልኝ ወንድሜ፣ ምክርዎ ከብዶኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ እውነትዎን ነው። ሦስቱን ቀን እሳት ሳላነድ የምቆየው እኔ ነኝ። ልጆቼ ዓርብን ብቻ አብረውኝ በሶ ይጠጣሉ። የክርስትና ስሙን እናቴ በጸሎት መጽሐፏ ሽፋን ላይ በእርሳስ ጽፋው አገኘሁት፤ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ለሚካኤል እሰጣለሁ። ዓርብ በማለዳም ልጄ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ስድስት ኪሎ ደርሰን እንመለሳለን።

እሳቱ አስጨንቆኝ ነበር፤ በእኛ ሕንፃ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው የሚያበስለው። ትናንት ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እማማን የከሰል ምድጃ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። «ለምንሽ ነው?» አሉኝ፤ ከመነሻው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «የካቲት 14 ማታ አንድደን እንጠብቃለን፤ ልጁን ገል አስይዘሽ ላኪው» አሉኝ። አሁን የቀረኝ ገል መፈለግ ነው።